ኃላፊ ጊዜ

የጨው አቧራ ይዞ ነፋስ መስኮት ሲመታ፣
ሙይናቅ ትማራለች እንግሊዝኛ በማታ።
አምስት ናቸው በቃ፤ ሁለት ነርስ፣ አንድ ሾፌር፣
ኑኩስ ልትሄድ ያለች ልጅ፣ ሆቴል ቤት ልትቀጠር፤
ከኋላው ወንበር ላይ፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ፣
ኦቴኒያዝ ሽማግሌው፣
ከመረብ በስተቀር እጁ ሌላ የማያውቅ።

ምን አመጣው ቢሉ፦
የመርከብ ዝገት ሊያዩ ፈረንጆች ሲመጡ፣
ካሜራ አንጠልጥለው ከመኪና ሲወጡ፣
አንድ ነገር ሊነግራቸው ያስብና ያስብና
ምላሱ ይታሰራል፤
እጁን አወናጭፎ ወደ ቤቱ ይገባል።

መጽሐፉ አሮጌ ነው፣ ሽፋኑ የተላጠ፣
ጠርዙን በየክረምቱ አይጥ የገመጠ፤
ሳይንሱን፣ ጂኦግራፊውን፣ የነገሥታቱን ታሪክ
በአጭር በአጭር ዓረፍተ ነገር በቁና ሰፍሮ ያስቀመጠ።

ሳርቢናዝ ታነባለች፣ እነሱ ይከተላሉ፤
«ውሃ በመቶ ዲግሪ ይፈላል» ይላሉ።
«ጨረቃ የራሷ ብርሃን የላትም» ይላሉ።
«የፀሐይ ብርሃን ምድር ለመድረስ ስምንት ደቂቃ ይፈጅበታል»፤
«እኔን እስከ ኑኩስ ሦስት ሰዓት» ይላል ሾፌሩ፤ ክፍሉ ይስቃል።

ገጽ አርባ ሦስት። ሰሌዳው ላይ ጻፈችው፦
«አራል በስፋቱ ከዓለም ሐይቆች አራተኛው ነው።»
አራቱ ደገሙት።
አምስተኛው ድምፅ የት ነው?

ተነሥቶ መጣና ጠመኔ ለቀመ፣
ከሰሌዳው ፊት ለፊት ጥቂት ጊዜ ቆመ፤
«ኢዝ» የሚለውን ቃል በእጅጌው ጠረገው፣
«ዎዝ» ብሎ ጻፈና
ባንዲት ቃል ባሕሩን ምድረ በዳ አደረገው።

«ትክክል» አለች ሳርቢናዝ፣ «ይኸው ኃላፊ ጊዜ።»
ማርክ የሚሰጥ ድምፅ እንዲህ አይከብድም ሁልጊዜ።

በኔ ቋንቋ ይህ ስም ሰምም ወርቅም አለው፦
ያለፈው ኃላፊ ነው፤ የሚጠየቀውም ኃላፊ ነው።
ጊዜ ነው ወይ ኃላፊው፣ ባሕር ሙሉ ጠጥቶ፣
ወይስ ያ ባለማኅተም፣ ከሩቅ ቢሮ ፈርሞ፣ መትቶ፣
አሙ ዳርያን በቦይ ለጥጥ ማሳ ያስጠለፈ፣
በመጽሐፉ ገጽ ሁሉ ስሙ ያልተጻፈ?

ኦቴኒያዝ አልተቀመጠም።
በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ቃል ከቃል እየቋጠረ፣
መረብ እንደሚጠግን ሰው ቀስ ብሎ ጀመረ፦

«ውሃው እዚህ ነበር። ከመስኮቱ ሥር።
አባቴ ነበር። ጀልባ ነበር። ዓሣ ነበር።
አንድ ጠዋት ውሃው ትንሽ ሄደ።
ተከተልነው። ደግሞ ሄደ።
ለጀልባው ቦይ ቆፈርን። ሄደ።
ዓሣ ከባልቲክ፣ በረዶ ሆኖ፣ በባቡር መጣ፤
የኛ ፋብሪካ የሰው ባሕር በቆርቆሮ አሸገ።
ሄደ።»

«ሄደ» የሚለው ግስ በእንግሊዝኛ ሕግ አይገዛም፤
«ጎ» ብሎ ይነሣና፣ «ዌንት» ሲሆን መነሻውን አይመስልም።
ሌሎቹ ተማሪዎች ይህን ሳምንት ሙሉ ሲረሱ፣
ሽማግሌው ባንድ ማታ ያዘው፤ አልከበደውም ለሱ።

«ትንቢት ጊዜስ?» አለች ኑኩስ ሂያጇ ልጅ።
«እሱ የማክሰኞ ነው፤ ዛሬ መሽቷል እንጂ»
ብላ መለሰች ሳርቢናዝ፤
መብራቱን አጠፋች።

እሑድ ሁለት ፈረንጆች መጡ፤ ወንድና ሴት።
ከዛገው መርከብ ሥር ደረሰባቸው፣ ከቀትር በኋላ፣ በዘጠኝ ሰዓት።
ጣቱን ወደ አሸዋው ቀስሮ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
ስንት ዓመት የጎደለውን ቃል ከደረቱ ፈልጎ፣
«ዎዝ» አለ።
«ዎዝ... ዎዝ...»
ሴትየዋ አዘነች፤ ቦርሳዋን ከፈተች፤
«ዎተር» ያለ መስሏት
የታሸገ ውሃ በእጁ አስጨበጠች።

አየው። ፀሐይ ላይ አዙሮ አየው ፕላስቲኩን፤
ከመርከቧ ጥላ ሥር ከፈተ ክዳኑን።
እውነትም ጠምቶት ነበር፤
ጠጣ።